ሞተሩ ዕቃውን፣ ነጋዴው ሥጋቱን

ከባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ለሚያስወጣ ቸርቻሪ የሞተር ጭነት ዋጋ በአብዛኛው የሚቆረጠው በኪሎ ሳይሆን በምልልስ ነው። በመሆኑም በአንዱ ምልልስ የተቻለውን ያህል መከመር ይመረጣል። ፍራሽ፣ ባዶ ጀሪካንና የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ሚዛን ሳይደፉ ቦታ የሚፈጁ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የገባው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር ማለፉ ይህንኑ ፍላጎት አባብሶታል።

ይሁንና ቁጠባው ሲሰላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ለምሳሌ 12 ፍራሽ በሁለት ምልልስ 600 ብር፣ በአንድ ምልልስ 300 ብር ያስከፍላል እንበል። የአንዱ ፍራሽ ዋጋ 4,000 ብር ቢሆን፣ በ13 ጭነት ውስጥ አንድ ፍራሽ ከተቀደደ ወይም ጭቃ ላይ ከወደቀ የተቆጠበው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። በክረምት ይህ ብርቅ አይደለም።

አደጋው ከክብደቱ ይልቅ ከአጫጫኑ ይመጣል። ባለሁለት እግር ሞተር ላይ ዕቃው ከኋላ ጎማ አልፎ ሲንጠለጠል የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪውም አልታዘዝ ይላል። ባለሦስት እግሩ የጭነት ሞተር ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ክምሩ ከፍ ባለ መጠን መታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ከተማዋ ሜዳ መሆኗ ጠቅሟል። በአንፃሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሞተር በአየር መሳሳት ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስም ሰፊውን ጭነት እንደ ሸራ ይገፋዋል።

ማገዶ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲያመላልሱ የኖሩት ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ነፋስ ያውቁታል፤ ሐይቁ ሳይናወጥ በጠዋት መቅዘፍን ይመርጣሉ። የደንገል ታንኳ ሲበዛበት ወደ ውኃው ጠልቆ ልኩን ለባለቤቱ ያሳያል። ሞተር እንዲህ ያለ ምልክት የለውም፤ ከተነሣ ቻለ ይባላል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ለተጫነው ዕቃ ታስቦ የወጣ አይደለም። የዕቃውን ብዛትና ዋጋ የያዘ፣ ሾፌሩ የፈረመበት ወረቀት ከሌለ ደግሞ ካሣ መጠየቁ አስቸጋሪ ነው። ጉዳዩ በሽምግልና ያልቅና ነጋዴው የተበላሸውን በቅናሽ ሸጦ ልዩነቱን ይውጠዋል።