ሙሉእመቤት እምሩን ታውቋቸዋላችሁ?

እኔ የምኖረው ሰመራ ነው። እዚህ አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ከሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ኤርፖርት ተነስታችሁ በአንድ ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ትገባላችሁ። በመኪና ከሆነ ግን ሚሌን፣ ገዋኔንና አዋሽን አልፋችሁ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል።

12ኛ ክፍል የምትማረው የአጎቴ ልጅ "ፓይለት ነው የምሆነው" ስትል ቤት ውስጥ ያልሳቀ የለም። አንድ ዘመዳችን "ልጄ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው፤ ሌላ ነገር አስቢ" አሏት። እሷም ዝም አለች። ዝምታዋ ስለከበደኝ የማውቀውን ነገርኳት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

በ1920ዎቹ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በባቡር መምጣት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ግን ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አጠገብ አሳረፈ። በኢትዮጵያ የበረራ ታሪክ የተጀመረው ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ሰልጥነው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያዊ አብራሪዎች ሆኑ።

ከነሱ ቀጥሎ አንዲት ሴት መጣች፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ። በዚያ ዘመን አውሮፕላን በቅርብ ያየ ሰው እንኳ ጥቂት ነበር። እሳቸው ግን ማብረር ተማሩ። ዛሬ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ተብለው ይጠራሉ። ያስቆማቸው ሴትነታቸው አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሀገሪቱን ሲወር ገና የተወለደው አቪዬሽናችን ተቋረጠ፤ የእሳቸውም ጉዞ አብሮ ተቀጨ።

ነገሩ በዓለምም ቀላል አልነበረም። ጥቁር አሜሪካዊቷ ቤሲ ኮልማን በሀገሯ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ስላጣች ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ እ.ኤ.አ. በ1921 ፈቃዷን አግኝታለች።

ከሙሉእመቤት በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሴት ካፒቴን ለማየት 75 ዓመት ገደማ ጠበቅን። የባሕር ዳሯ አምሳለ ጓሉ አርክቴክቸር ተምረው ወደ በረራ ገቡ፤ ስምንት ዓመት በምክትል አብራሪነት ሠሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ቦምባርዲየር Q400 አውሮፕላን ይዘው ወደ ጎንደርና አክሱም በካፒቴንነት በረሩ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪ እስከ መሬት ሠራተኛ ሴቶች ብቻ ያዘጋጁትን የባንኮክ በረራ መሩ።

ስምንት ዓመት ማለት ብዙ ፈተና፣ ብዙ ሌሊት ነው። ስለዚህ እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ፓይለት እሆናለሁ ስትላችሁ "ሴት ትችላለች ወይ?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱ ከ90 ዓመት በፊት ተመልሷል። ይልቅ ሒሳብና ፊዚክሷ እንዴት እንደሆነ ጠይቋት፤ የምዝገባ ማስታወቂያ ሲወጣም ቶሎ ላኩላት።