ዐዋቂን የመጠየቅ ሥርዓት በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

በወለጋ አንድ ሰው ምክር ፈልጎ ከዐዋቂ ዘንድ ሲሄድ ጉዳዩን ወዲያው አያነሣም። አስቀድሞ ስለ ሰውየው ጤንነት፥ ስለ ቤተ ሰቡ፥ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ይጠይቃል፤ «ነጋ» የሚለው የኦሮምኛ ቃል፥ ትርጓሜውም ሰላም፥ በዚህ ልውውጥ ደጋግሞ ይሰማል። በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው «አቲ» ማለትን ትቶ «ኢሲን» ይላል፤ ይኸውም አንዱን ሰው በብዙ ቍጥር ማክበር ነው። ይህን መዘግየት እንደ ጊዜ ማባከን የሚቈጥር እንግዳ ይሳሳታል። ጠያቂው በሰላምታው መካከል ዐዋቂው ለመስማት የተዘጋጀ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል።

አለማወቅን በክብር መግለጥ ደግሞ በሕፃንነት በእንቆቅልሽ የሚለመድ ነው። እንቆቅልሽ በኦሮምኛ «ሂቦ» ይባላል። አስቴር ጋኖና ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1894 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው ማንበቢያ ውስጥ ከተረቱና ከምሳሌው ጋር ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሁለቱም በኋላ ነቀምቴ ተቀምጠው አስተምረዋል። በጨዋታው መላሹ ሳይሞክር እጁን ቢሰጥ ይሣቅበታል። ሞክሮ ካቃተው ግን አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል፤ የሞከረውንም ሁሉ ጠያቂው አስቀድሞ ሰምቶታል።

ይህ ልማድ በዛሬው የስልክ ጠጋኝ ጠረጴዛ ፊት ይፈተናል። ሰላምታው እንደ ቀድሞው ነው፤ የሚጐድለው የሙከራው ታሪክ ነው። ባለ ስልኩ «ተበላሸብኝ» ይላል። ምን እንዳገኘው ሲጠየቅ «ዝም ብሎ ጠፋ» ብሎ ይመልሳል። አማርኛው በ«ብኝ»፥ ኦሮምኛውም «ነ ጀላ በዴ» ሲል በ«ጀላ» ባለቤቱን አድራጊ ሳይሆን ተጐጂ ያደርጉታል። አነጋገሩ ሐዘንን ለማካፈል የተመቸ ነው፤ ለምርመራ ግን አይበቃም።

ጕዳቱም ቀላል አይደለም። ውሃ የገባበት ስልክ ሳይጸዳና ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ ቢሰጠው በውስጡ ያሉት ብረቶች ፈጥነው ይበላሉ፤ ሌላ ቅጂ የሌለው የሟች ዘመድ ፎቶግራፍም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጠጋኙ ስልኩ መቼ እንደ ቆመ፥ ውሃ ነክቶት እንደ ሆነ፥ ከእርሱ በፊት ማን እንደ ከፈተው ማወቅ አለበት። ባለ ጉዳዩ በተለይ የመጨረሻውን ይደብቃል። ምክንያቱ የዋጋ ፍርሃት ብቻ አይመስልም፤ አንዱ ያየውን ነገር ወደ ሌላው መውሰድ የፊተኛውን ማዋረድ፥ የኋለኛውንም ሁለተኛ ማድረግ ሆኖ ይታያል።

ብልኅ ጠጋኝ ይህን ስለሚያውቅ «ምን አደረግኸው?» አይልም። «ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ እንዴ? ውሃ ውስጥ ጥለውት ይሆን?» ይላል። ባለ ስልኩም ትንሽ ዐስቦ «ይሆናል፤ ልጅ ምን ይታመናል» ሲል፥ ጠጋኙ ቻርጀሩን ወደ ጐን አድርጎ ሽፋኑን መፍታት ይጀምራል።