እንሰቱ ሳይጠወልግ

እንደ ሌላው የጌዴኦ ምድር ሁሉ በፍስሐ ገነት ዙሪያም እንሰትና ቡና አብረው ይበቅላሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም ይህንኑ የአተካከል ጥበብ አይቶ ነው። ጥበቡን ከውስጥ የሚበላው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ አምጪውን ባክቴሪያ ለይተው ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር፤ ፈዋሽ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም።

ምልክቱን ገበሬው ያውቀዋል። የመሀሉ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ይታጠፋል፤ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ክፋቱ፣ ፈሳሹ እስኪታይ ያው ቢላዋ ሌላውን እንሰት ነክቶት ይሆናል። ባክቴሪያው ምልክት ያላሳየ ተክል ውስጥም ተደብቆ ይቆያል።

የተደበቀውን የሚያወጣው ላቦራቶሪው ነው። ከቅጠሉ ዲኤንኤ ይወጣና የባክቴሪያው ብቻ የሆነ ቁራጭ በፒሲአር ይባዛል። መባዛቱን የሚያሳየው ሳይበር ግሪን የሚባል ቀለም ለብቻው እምብዛም አያበራም፤ ድርብ ዲኤንኤ ላይ ሲለጠፍ ግን በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ ይፈነጥቃል። የማንም ዲኤንኤ ይሁን አይመርጥምና፣ ባለሙያው የተባዛው የሚፈለገው ቁራጭ መሆኑን ለማወቅ መጨረሻ ላይ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ ብርሃኑ በስንት ዲግሪ እንደሚከስም ያያል። በ65 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሙቀት ብቻ የሚፈልገው ላምፕ የሚባል የማባዣ ዘዴም ለዚህ ባክቴሪያ ተሠርቶለታል፤ ለወረዳ የሚቀርበው እሱ ነው።

የሞተ ባክቴሪያም ዲኤንኤው ወዲያው አይጠፋም። በእሳት የተለበለበ ቢላዋ ወይም በሽተኛ ተክል የተቀበረበት አፈር ሲመረመር «አለ» ሊል ይችላል። ለዚህ ፒኤምኤ የሚባል ሌላ ቀለም አለ። የሚገባው ሽፋኑ የተበጠሰ ሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ዲኤንኤውን እንዳይለቀው አድርጎ ይይዘዋል፣ የተያዘውም አይባዛም። የሚታየው የሕያዋኑ ብቻ ይሆናል።

እኔ ግን ይህ ሁሉ የምርመራ ወጪ ጠውልጎ በቆመ እንሰት ላይ ቢፈስ ያሳዝነኛል። እሱን ለመለየት ዓይን ይበቃል፤ ቢላዋን ለማጽዳትም ማሳ ዳር የሚነድ እሳት። ምርመራው የሚያስፈልገው ችግኝ በሚባዛበት ቦታ ነው። ከአንድ እናት እንሰት ብዙ ችግኝ ይወጣል፤ እናቲቱ በሽታውን ከያዘች ችግኙ ከነበሽታው በመኪና ወረዳ ይሻገራል፣ የተቀበለው ገበሬም ቆጮ ለመፋቅ ዓመታት ሲጠብቅ ኖሮ ይጠወልግበታል። ችግኙ አንድ በአንድ ይመርመር አልልም፤ እናቲቱ ከመቆረጧ በፊት ትመርመር።