ለደጋው መንገድ የቱ ላንድ ክሩዘር? ቱርቦ ያለው ወይስ የሌለው?

ደብረ ታቦር ላይ ንፍሮ ቶሎ የማይበስለው ለምን ይመስልዎታል? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ የሳሳ አየር ድስትዎን ብቻ ሳይሆን የመኪናዎን ሞተርም ይነካል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለዓመታት ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብ ከመዋዋሉ በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉ ጠንካራ አሮጌ መኪኖች ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተመረተው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 80 ነው። ሰፊ ነው፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ፋንታ ጥቅል ሞላ ስላለው ልጆችን ብዙም አያንገላታም። ጥያቄው ከየትኛው ሞተር ጋር እንግዛው የሚለው ነው።

አንድ መልክ፣ ሁለት ባሕርይ

በናፍጣ የሚሠሩት ሁለቱ ዋና ሞተሮች ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 4.2 ሊትር ናቸው። የመጀመሪያው «1 ኤች ዜድ» ቱርቦ የለውም፤ ጉልበቱም ወደ 130 ፈረስ ነው። ሁለተኛው «1 ኤች ዲ ቲ» ቱርቦ ያለው ሲሆን ጉልበቱ ከ160 ፈረስ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ባለ 24 ቫልቭ የሆነው የቱርቦ ሞተር «1 ኤች ዲ ኤፍ ቲ» መጣ። የሦስቱም የነዳጅ ፖምፓ ሜካኒካል በመሆኑ ያለ ኮምፒውተር ሊጠገን ይችላል።

ከፍታው የሚበላው ጉልበት

ወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው ለባሕር ወለል በሚቀርብ አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 130 ፈረስ የተባለው ሞተር ደብረ ታቦር ሲደርስ ከ100 በታች ይወርዳል። ቱርቦ ግን ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ፣ ከፍታው የሚወስድበት ጉልበት በጣም ያነሰ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው መኪናው ሲጫን ነው። ሰባት ሰው ተሳፍሮ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ ተጭኖ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲጓዙ 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። ዳገት ላይ የሚያዘግም የጭነት መኪና ለመቅደም ሲወጡ ጉልበት ካነሰዎት በተቃራኒው መስመር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ የቱርቦ ጉዳይ የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የቤተሰብዎ ደኅንነትም ነው።

ቱርቦው የሚጠይቀው

ቱርቦ ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል። ዘይቱ በ5,000 ኪሎ ሜትር ካልተቀየረና የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ዕድሜው ያጥራል። ዳገት ወጥተው እንደደረሱም ቁልፉን ወዲያው አያጥፉ፤ ሞተሩን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ነዳጅ መርገጫ ያቆዩት። «1 ኤች ዲ ቲ» የታወቀ ድካምም አለበት፤ የፒስተን ክንዶችና ክራንክ ሻፍቱ የሚገናኙባቸው ብሮንዚኖች ቀድመው ያልቃሉ። መቀየራቸውን የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ካለ መኪናው ትልቅ ነጥብ ያገኛል። ከሌለ የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ።

«1 ኤች ዜድ» በአንጻሩ ታጋሽ ነው። ቀርፋፋ ቢሆንም በቀላሉ አይበላሽም፤ የሚያውቀው መካኒክም ብዙ ነው።

ከመዋዋልዎ በፊት

በመጀመሪያ «ፉል ኦፕሽን»ና «ቱርቦ» የሚሉትን የማስታወቂያ ቃላት ትተው የሻንሲውን መለያ ያንብቡ። በ«ኤች ዜድ ጄ 80» የሚጀምር ከሆነ ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ አልነበረውም፤ «ኤች ዲ ጄ 80» ከሆነ ግን ነበረው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ ከሊብሬው ጋር መመሳሰላቸውንም ያረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ «1 ኤች ዜድ» ላይ በኋላ የተገጠመ ቱርቦ ካዩ ይጠንቀቁ። የሞተሩ የእመቃ መጠን 22 ለ1 ገደማ ሲሆን የፋብሪካው ቱርቦ ሞተር ግን ከ19 ለ1 በታች ነው። ልኩን ሳይጠብቅ ከተገጠመ ሙቀቱ ፒስተኑንና ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጠዋት ሄደው ኮፈኑን ይዳስሱ። ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት ሻጩ የአነሳስ ችግር እየሸፈነ ሊሆን ይችላል። ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረም ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለ በ100,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

አራተኛ፣ ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ይሞክሩት። ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር ያህል የሚወጣው መንገድ ከማንኛውም የከተማ ሙከራ ይበልጣል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ መብለጡን ያሳያል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ዳገት ላይ ያለማቋረጥ ጥቁር ካጨሰ ቱርቦውን ያስፈትሹ። የሙቀት መለኪያውንም አይርሱ። በደጋ ውሃ ቀድሞ ስለሚፈላ የላላ የራዲያተር ክዳን ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

እንግዲህ የቱ ይሻላል?

ቤተሰብዎ ብዙ፣ ጉዞዎ ረጅምና ዳገታማ ከሆነ፣ የአገልግሎት ታሪኩ የታወቀ የፋብሪካ ቱርቦ ይምረጡ። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ የሚውል ከሆነ ወይም ዘይት በሰዓቱ ለመቀየር የማይመችዎት ከሆነ ቱርቦ የሌለው ይበቃዎታል። ታሪኩ ካልታወቀ ቱርቦ ግን በደንብ የተያዘ «1 ኤች ዜድ» ይሻላል። ገንዘብዎንም ሁሉ ለግዢው አይጨርሱ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ለብቻው ያስቀምጡ።