ጠቃሚ የሥራ መለኪያ አመራረጥ፦ ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያ የተወሰደ ምሳሌ

የማናቸውም ሥራ አካሄድ የሚታወቀው በመለኪያ ነው። ይሁን እንጂ ለቆጠራ የቀለለ ሁሉ ጠቃሚ መለኪያ አይሆንም። ጠቃሚ የሚባለው፣ ውጤቱ ሲታወቅ በሥራው ውስጥ ምን መታረም እንዳለበት የሚያመለክት መለኪያ ነው።

በኢትዮጵያ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ በሂደት በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የሥራው ቅደም ተከተልም ምዝገባ፣ ክትትል፣ ፈተና፣ የምስክር ወረቀትና ድኅረ መሠረተ ትምህርት ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ በየትኛው ደረጃ ላይ ይለካ?

ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ ጣቢያ 60 ጎልማሶች ተመዝግበው 40ዎቹ እስከ መጨረሻው ተከታተሉ፤ 30ዎቹ ፈተናውን አለፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን አጭር ደብዳቤ አንብበው የተረዱት 12 ብቻ ሆኑ እንበል። 60ን ብቻ የያዘ ሪፖርት የሥራውን ስፋት እንጂ ፍሬውን አያሳይም። 30ን ብቻ የያዘውም ከፈተና በኋላ የደረሰውን መርሳት ይሸፍናል። አራቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ጉድለቱ ያለበት ቦታ ይታያል። ያቋረጡት 20 ሰዎች የትምህርቱ ሰዓት ከእርሻ ሥራ ጋር መጋጨቱን ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ የወደቁት 10 የማስተማሪያውን ዘዴ ድክመት፤ የረሱት 18 ደግሞ በአካባቢው የሚነበብ ጽሑፍ አለመኖሩን። በቁጥር ብዙዎቹ ያቋረጡት ቢሆኑም፣ ካለፉት 30 ውስጥ 18ቱ መርሳታቸው በመጠን የከፋ ጉዳት ነው።

ስለሆነም መለኪያ ሲመረጥ ሦስት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የሚለወጥ ውሳኔ አለን? ሁለተኛ፣ የሚለካው ነገር ሠራተኛው ሊያስተካክለው የሚችለው ነውን? ሦስተኛ፣ ሥራው ሳይሻሻል ቁጥሩ ብቻ ሊያድግ ይችላልን? መምህሩ የሚመሰገነው በአላፊዎች ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ፈተናው እየቀለለ፣ ደካማው ተማሪም እየተገፋ ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም የአላፊዎች ቁጥር ዘወትር ከተመዝጋቢዎች ቁጥርና ቆይቶ ከሚደረግ አጭር የንባብ ፍተሻ ጋር ተያይዞ መታየት ይኖርበታል።

ለአንድ ጣቢያ እነዚህ ጥቂት መለኪያዎች ይበቃሉ። ጎልማሳው ወደ ትምህርቱ የመጣው ለምስክር ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከልጁ የተላከለትን ደብዳቤ ራሱ ለማንበብ ነው፤ መለኪያውም እስከዚያ ድረስ ሊከተለው ይገባል።