የጆንያው አፍ ምስጢር

ጠጋ በሉ። ድምፄን ዝቅ የማደርገው የፋይናንስ ክፍሉ ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ጤፍ ፈጭቶ እንጀራ ከሚያመርት ድርጅት ነው፣ ዕቅድ ክፍል። ስሙን አትጠይቁኝ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የካይዘን ሰሌዳው ጋ እንወስደዋለን፤ አምስቱ ማዎች በትልልቁ ተጽፈዋል። ቀጥሎ የሳምንቱ የምርት ዕቅድ አለ፣ በቀለም ያማረ፤ ሰኞ ይህን ያህል እንጀራ፣ ማክሰኞ ያን ያህል። እንግዳው ፎቶ ያነሳል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል።

ዕቅዱ ውሸት አይደለም። ግን እዚያ አልተሠራም። የሚሠራው ዓባይ ማዶ ነው፤ ቢቸናና ሞጣ ላይ።

እንዴት አትሉኝም? እሱን ነው የምነግራችሁ።

የእንጀራ ፋብሪካ ዕቅድ የሚቆጠረው ከኋላ ነው። ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ1998 ዓ.ም. ሲከለከል እንጀራው አልተከለከለም፤ ስለዚህ ባሕር ማዶ ላሉት ወገኖቻችን የሚሄደው ተጋግሮ ነው፣ በአውሮፕላን። ማታ ከቦሌ ለሚነሳው በረራ እንጀራው ጠዋት ከምጣድ መውጣት አለበት። ጠዋት እንዲወጣ ሊጡ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት መቦካት አለበት። እንዲቦካ ዱቄቱ፣ ዱቄቱ እንዲኖር የተነፋውና የተበጠረው ጤፍ፣ ጤፉ እንዲበጠር ደግሞ ጆንያው መጋዘን መግባት አለበት። ብረት የሚሠራ ፋብሪካ ዕቅዱ ቢዛባበት ብረቱን ትቶት ያድራል፤ ነገ እዚያው ያገኘዋል። ሊጥ አይጠብቅም። አንዴ ከተቦካ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል።

ሰዓቱን የሚያውቀው ኮምፒዩተር እንዳይመስላችሁ። የእኔ ኤክሴል «ሦስት ቀን» ይላል። ዋና ጋጋሪያችን ክዳኑን ከፈት አድርጋ አንዴ ታይና «ዛሬ ማታ አብሲቱን ጣሉበት» ትላለች። እሷ ያለችው ይሆናል። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሊጡን ሲያስተኛው እርሾ ትጨምራለች፤ መጋቢት ላይ ትቀንሳለች። በዕቅድ ሠንጠረዡ ላይ የእሷ እጅ የሚታይበት ቦታ የለም። እኔ ግን ሠንጠረዡን ከማውጣቴ በፊት እሷ ጋ እወርዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ «መጋዘን ውስጥ ይህን ያህል ኩንታል አለ» ሲል አትመኑት!

በመንግሥት ቤት ሞዴል 19 የሚባለው ወረቀት አለ፤ ዕቃ ሲገባ የሚቆረጥ። እኛም የራሳችን መረከቢያ አለን። ወር ሊዘጋ ሲል ሒሳብ ክፍል ይቸኩላል፤ መኪናው ተጭኖ ከተነሳ «ገብቷል» ተብሎ ይመዘገባል። በወረቀት ጤፉ መጋዘን ነው። በእግዜር ምድር ግን ጤፉ አይሱዙ ላይ ሆኖ ደጀን ቆሟል። በዚህ ቁጥር ታምኖ ሊጥ ቢቦካ ለነገው ሊጥ ዱቄት አይኖርም።

ስለዚህ የእኔ መከታተያ ሌላ ነው። ሦስት ስልክ። ከሞጣ የተነሳ መኪና በደብረ ወርቅና በቢቸና አድርጎ ደጀን ይወርዳል፤ ከዚያ የዓባይ በረሃ ነው። ሾፌሩ «ጫንኩ» ይለኛል፤ አልነቃነቅም። «ደጀን ነኝ» ይለኛል፤ አሁንም አልነቃነቅም። የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ ከተከፈተ ወዲህ ወንዙን መሻገሩ አላስቸገረም፤ የሚያስቸግረው ቁልቁለቱና ዳገቱ ነው። ፍሬን ይግላል፣ ክረምት ላይ መሬቱ ይንሸራተታል፣ ኬላ ይበዛል፣ አንዳንዴም መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። ስልኬ ጮሆ «በረሃ ወጣሁ፣ ጎሃ ጽዮን ነኝ» ሲለኝ ብቻ ነው ብዕሬን የማነሳው። ጎሃ ጽዮን ያልደረሰ ጤፍ እኔ ዘንድ ጤፍ አይደለም።

ደግሞ ሌላ አለ። ግድግዳዬ ላይ ከምርት ዕቅዱ ጎን የበዓላት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲያይ መንፈሳዊ ሴት ነች ይላል። ነኝም። ግን የሥራ ዕቃዬ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ማጭድ አይነሳም፣ አውድማ ላይ በሬ አይዞርም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እነዚህን ከቅዳሜና እሁድ ጋር ደምራችሁ ስትቆጥሩ አዲሱ ጤፍ መቼ ገበያ እንደሚደርስ ከማንም ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ከደረሰ በኋላስ? ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይከርማል። ቢቸና ዙሪያ ላለው የእነማይ ገበሬ ጎተራው ባንኩ ነው። ያ ከዋልካ አፈር የሚወጣ ነጭ ጤፍ ወደ ቢቸና ገበያ የሚወርደው እኔ ስፈልገው ሳይሆን ገበሬው ብር ሲፈልግ ነው፤ የማዳበሪያ መክፈያ ሲደርስ፣ ጥር ላይ ልጅ ሲድር፣ መስከረም ላይ ደብተር ሲገዛ። ስለዚህ ለቢቸናው እህል ነጋዴ ስደውል ዋጋ አላስቀድምም።

«አያ፣ እንዴት ሰነበቱ? ዘንድሮ ሠርጉ በዛ?»

«በዛ እታለም፣ በዛ! ድንኳን ጠፋ።»

በቃኝ። በሳምንቱ ጤፍ ይፈሳል ማለት ነው። ዋጋውን በኋላ እንጨቃጨቅበታለን።

የትእዛዙን ነገር አልነገርኳችሁም። ፋሲካ ሲቃረብ እዚሁ ከተማ እንጀራችንን የሚሸጡት ሱቆች ሁሉ ደብል ያዛሉ። ሱቁ «እንዳያልቅብኝ» ብሎ ትንሽ ይጨምራል፣ አከፋፋዩ በዚያ ላይ ይጨምራል፣ የእኛ ሽያጭ ክፍል በዚያ ላይ። ቢቸና ሲደርስ ነጋዴው አገር የተራበ መስሎት ዋጋ ይሰቅላል። ጄይ ፎሬስተር የተባለ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ በሒሳብ አሳይቷል፤ ሱቅ ላይ ትንሽ የሆነ ንቅናቄ ፋብሪካ ሲደርስ ማዕበል ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የታዘዘውን ሳይሆን የተበላውን መቁጠር። ከሱቅ ተመላሽ የሆነውን እንጀራ ጠዋት ጠዋት ራሴ እቆጥራለሁ። የሽያጭ ክፍሉን ወረቀት የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

እና አሁን፣ ከሁሉም የምወደው። ጆንያው አፍ ላይ ያለውን ክር አይታችሁት ታውቃላችሁ?

አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3000 ገደማ ፍሬ አለ። አንዴ ከተቀላቀለ ማንም አይለየውም፤ የቢቸናው ከሞጣው፣ ቁንጮ የሚባለው ዝርያ ከሌላው፣ በሸራ ላይ የተወቃው አፈር ላይ ከተወቃው። እህል በረንዳ አካባቢ ብዙ ጆንያ ተገልብጦ፣ ተደባልቆ፣ እንደገና ተሰፍቶ «ማኛ» ተብሎ ይወጣል። እንጀራው ጥርስ ላይ አሸዋ ሲል «ከየት የመጣ ነው?» ብትሉ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። ስለዚህ ከነጋዴዎቹ ጋር ተስማማን። የቢቸናው ጆንያ በሰማያዊ ክር ይሰፋል፣ የሞጣው በቀይ። ወፍጮ ቤት ክሩ ሲቆረጥ አይጣልም፤ ዱቄቱ የሚገባበት ጆንያ ጆሮ ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ ሊጡ የሚቦካበት በርሜል እጀታ ላይ። ጋጋሪዋ በርሜሉን ስትጨርስ ክሩን ፈትታ መዝገቡ ላይ በስቴፕለር ትመታዋለች፣ ቀኑን ጽፋ። የትኛው ጤፍ ውሃ እንደሚያነሳ፣ የትኛው እንደሚበረክት፣ የቱ አሸዋ እንዳለው ከዚያ መዝገብ ይነበባል። ነጋዴዎቹም ይደውላሉ፦ «የእኔ ክር እንዴት ነች?» ደህና የሆነች ዕለት ድምፃቸው ይለወጣል። ከሞጣ የሚልክልን አንዱ ገበሬዎቹን ሸራ ላይ እንዲወቁ የወተወተው ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁን የቀረኝ ከፋይናንሱ ጋር ያለው ጠብ ነው፤ ለዚህ ነው የማንሾካሹከው። እሱ መጋዘን ውስጥ የተኛ ጤፍ የሞተ ብር ነው ይላል። የሐምሌና የነሐሴ እንጀራ ግን የሚገዛው ሐምሌ ላይ አይደለም። ያኔ ጎተራው ጎድሏል፣ ገበሬው ማሳው ላይ ነው፣ በረሃው ጭቃ ነው፣ ዋጋውም ሰማይ ነው። የክረምቱ የሚገዛው የካቲት ላይ ነው፣ የሠርጉ ጤፍ ገና ቢቸና ገበያ ላይ ሳለ። አምና የክረምቱን ግዢ በግማሽ ቆረጠብኝ፤ ነሐሴ ላይ ግማሹ ምጣድ ቀዝቅዞ ዋለ፣ ጋጋሪዎቹም በግማሽ ደሞዝ ወደ ቤት ተላኩ። እነዚያ ሴቶች ልጅ ያስተምራሉ። ዘንድሮ መዝገቡን ከነክሮቹ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቻለሁ። ፊርማው የሚጠበቀው ሐሙስ ነው፤ መኪኖቹን ግን ከወዲሁ አስይዣለሁ።