ልጆች የማይጥሉት አዝማች

በአቦቦ ወረዳ፣ በአልዌሮ ግድብ አካባቢ፣ የአኙዋ ሽማግሌ ቶም ሲጫወቱ የሰማ እንግዳ «አንዱን ነገር ይደጋግማሉ» ይላል። ቶም በእንጨት ሳጥን ላይ የተደረደሩ ምላሶችን በአውራ ጣት እየነኩ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ጆሮ ለሰጠው ግን ዜማው በዞረ ቁጥር ትንሽ ነገር ይታከልበታል፤ መነሻው ግን አይጠፋም።

ለልጆች መዝሙር ስናወጣም ይኸው ይሠራል። በጋምቤላ ወባ ቀልድ አይደለችም። ብዙ የጤና መዝሙር ግን አጎበሩን፣ ያቆረውን ውኃ፣ ኪኒኑን አንድ ላይ ያጭቃል፤ ልጁም ዜማውን ይዞ ምክሩን ይጥላል።

አዝማቹ አንድ ነገር ብቻ ይሸከም፦ ትኩሳት የያዘው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ይድረስ። የመጀመሪያው ቤት ምሽቱንና አጎበሩን ያንሣ፣ ሁለተኛው ሌሊት የሚንቀጠቀጠውን ልጅ፣ ሦስተኛው መንገዱን። እዚህ ላይ ዜማው ከፍ ብሎ ወደ አዝማቹ ይውረድ። ሌላው ቢረሳ እንኳ ያቺ 24 ሰዓት አፋቸው ላይ ትቀራለች።

ግጥሙን ደግሞ አያቶች ከልጆቹ ጋር በአኙዋኛ ወይም በኑዌርኛ ያውጡት። የአማርኛውን ዜማ በተተረጎመ ቃል መሙላት (ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይኸው ነው) ለአፍ አይመችም።